ሴሉ 3 ይላል፣ ማክሮው 2 ይላል

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? እሺ። የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ባዶ ወንበር አለ። የፊት ወንበር አይነክስም።

አዘጋጆቹ «ስለ ማክሮ አንድ ነገር አውራልን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ለአዲስ ሰው፦ ማክሮ ኤክሴል ውስጥ የምንጽፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሺት ሰንጠረዡ፣ ሴል ደግሞ የሰንጠረዡ አንዷ ሳጥን ናት። ስለ ፍጥነት ወይም ስለሚያማምሩ ፎርሞች ልሰማ ብሎ የመጣ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ነጥብ ነው። ቁጥር መሃል ስለምትቀመጠው ነጥብና ከእሷ በስተቀኝ ስላሉት አኃዞች።

እስቲ እጅ እንይ። ማክሮ ጽፋችሁ፣ ውጤቱ ከሺቱ ጋር በ0.01 አልገናኝ ያላችሁ? አያችሁ? ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ አዳራሹ ሙሉ ነው። እሺ፣ ከመካከላችሁ «ምን ችግር አለው፣ 0.01 ናት» ብሎ ያለፈ? አሁን እጅ አነሰ። ግዴለም፣ አልመዘግብም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ የምናየው ቁጥርና ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር አንድ አለመሆናቸውን። ሁለተኛ፣ ሴሉና ማክሮው የሚያጠጋጉበት ሕግ የተለያየ መሆኑን። ሦስተኛ፣ ታዲያ ምን ይሻላል የሚለውን። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ሰው ፀጉሩን የሚነጨው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛውን እንጀምር። ላፕቶፕ የያዛችሁ ኤክሴል ክፈቱ። ኦልት እና ኤፍ 11 ተጫኑ። የማክሮ መጻፊያው ይመጣል። አሁን ኮንትሮል እና ጂ። ከታች ኢሚዲየት የሚባል ትንሽ መስኮት ይከፈታል። እዚያ የጥያቄ ምልክት አስቀድማችሁ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ስንት አለ? 0.3። ጎበዝ።

አሁን ደግሞ እንዲህ ጠይቁት፦ 0.1 + 0.2 = 0.3? ምን አለ? ፎልስ! ሐሰት ማለቱ ነው። አሁን በራሱ አፍ 0.3 ብሎን አልነበረም? ከአንድ መስመር በላይ ያለውን መልስ ካደ። ይቅርና 0.1 + 0.2 - 0.3 በሉት። ዜሮ አይመጣም። ከነጥብ በኋላ 16 ዜሮ ተደርድሮ፣ ከዚያ ኋላ የተንጠለጠለ ነገር ይመጣል።

ምንድን ነው እሱ? 1ን ለ3 ስናካፍል 0.3333 እያልን መጨረሻ እንደማናገኝ ታውቃላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ደክሞን እናቆማለን። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ነው። በእሱ አቆጣጠር መጨረሻ ከሌላቸው ቁጥሮች አንዱ የእኛ 0.1 ነው። ደብል የሚባለው የቁጥር ዓይነት 64 ቢት አለው፤ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለአኃዞቹ የሚሠራው 53 ቢት ያህል ነው። ቦታው ሲያልቅ ወደ ቅርቡ ተጠጋግቶ ይቆማል። ስለዚህ 0.1 ብላችሁ ስትጽፉ የሚቀመጠው 0.1000000000000000055 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ነው። ማሳያው ደግሞ 15 አኃዝ ብቻ ያወጣል። ትርፉ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል።

ይህ የኤክሴል ጥፋት አይደለም። ኮምፒውተሮች ነጥብ ያለውን ቁጥር እንዴት እንደሚይዙ የሚደነግግ አይትሪፕልኢ 754 የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ዛሬ የምትነኩት ኮምፒውተር፣ ስልካችሁም ጭምር፣ በእሱ ነው የሚያሰላው። እንዲያውም ስታንዳርዱ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ማሽን የራሱ መልስ ነበረው። የሥራው ዋና ሰው የሚባለው ዊልያም ካሃን በ1989 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሚባለውን የቱሪንግን ሽልማት ወስዷል። እኔ በበኩሌ ይገባዋል እላለሁ። የተሳሳተ መልስ እንኳ ቢሆን ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሲሆን መፈለግ ይቻላል።

እኔን የሚያናድደኝ የሴሉ ጨዋታ ነው። ሴል ላይ =0.5-0.4-0.1 ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ይላችኋል። አሁን ያንኑ በቅንፍ አስገቡና በ1 አባዙት፤ =1*(0.5-0.4-0.1)። ዜሮ አይሰጥም! ከዜሮ በታች የሆነች ኢምንት ቁጥር ይሰጣል። በ1 ማባዛት ምን ይቀይራል? ምንም። የሆነው እንዲህ ነው፦ የመጨረሻው ስሌት መቀነስ ሆኖ ውጤቱ ለዜሮ በጣም ሲቀርብ ኤክሴል ራሱ «ይህስ ዜሮ ነው» ብሎ ይጠርገዋል። ሌላ ስሌት ከኋላ ሲመጣ አይጠርገውም። አንዳንዱ ሰው ይህን ደግነት ይለዋል። እኔ ሸፍጥ ነው የምለው። ማክሮው እንዲህ ያለ ውለታ አይውልላችሁም። ስለዚህ ሺቱ ላይ «እኩል ነው» የተባለ ነገር ኮዱ ውስጥ «እኩል አይደለም» ይባላል።

ማሳያ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን በሚባለው ክልል ምርጫ ነበር። ምክር ቤት ለመግባት 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። አረንጓዴዎቹ የሚባለው ፓርቲ ሰዎች 5.0 አገኙ ተብሎ ወጣ። ገቡ ማለት ነው። በኋላ ሲታይ ያገኙት 4.97 ነው። ፕሮግራሙ ሲያትም ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ስለሚያወጣ 4.97 ተጠጋግቶ 5.0 ሆነ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ወረቀቱ ነው ጉድ የሠራቸው።

ኤክሴልም የራሱ ታሪክ አለው። ኤክሴል 2007 እንደወጣ 77.1 ሲባዛ በ850 ብትሉት 100000 ይላችሁ ነበር። ትክክለኛው 65535 ነው። ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ደህና ነበር፤ የሚያሳየው ክፍል ነበር የተሳሳተው። ጥገናው ቶሎ ወጣ፤ ግን ሰው ለረጅም ጊዜ ሲስቅበት ኖሯል።

ከአንደኛው ሳልወጣ፣ ማክሮ ለሚጽፍ ሰው አንድ ወጥመድ ላሳይ። ፎር ሉፕ፣ ማለትም አንድን ሥራ እየቆጠረ የሚደጋግመው ትእዛዝ፣ ከ0 እስከ 0.3 በ0.1 እየዘለለ ይሂድ በሉት። ስንት ጊዜ ይዞራል? 0፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.3። አራት ጊዜ፣ አይደል? ሞክሩት። ሦስት ጊዜ ነው የሚዞረው። መጨረሻ ላይ የደረሰበት ቁጥር ከ0.3 በኢምንት ስለሚበልጥ በሩ ይዘጋበታል። የመጨረሻው ረድፍ ይጠፋል፤ ኤረር የለ፣ ምን የለ። ከ0 እስከ 3 በሙሉ ቁጥር ቁጠሩና ውስጥ ለ10 አካፍሉ። አለቀ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። ውሃ ልጠጣ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። 2.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር ብናጠጋጋ ስንት ነው? ሦስት! ሁላችሁም ሦስት። ትምህርት ቤት እንዲያ ነው የተማርነው። የማጠጋጊያው ትእዛዝ ራውንድ ይባላል። ሴል ላይ =ራውንድ ብላችሁ 2.5 እና 0 ስጡት፤ 0 ማለት ከነጥብ በኋላ ምንም አይቅር ነው። 3 ይላል። አሁን ወደ ኢሚዲየት ሂዱና ያንኑ ራውንድ፣ በስሙ፣ 2.5 ስጡት። ስንት አለ? ሁለት።

ሁለት! አንድ ፋይል፣ አንድ ስም፣ ሁለት መልስ።

3.5 ስጡት። 4 ይላል፤ ልክ ነው። 4.5 ስጡት። አሁንም 4። 0.5 ስጡት። ዜሮ። የገባችሁ አላችሁ? የቪቢኤ፣ ማለትም ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ራውንድ ልክ መሃል ላይ ያለ ቁጥር ሲያገኝ ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ይሄዳል። ወደ 0፣ ወደ 2፣ ወደ 4። የባንክ ማጠጋጋት ይሉታል። የሴሉ ራውንድ ደግሞ መሃል ላይ ያለ ቁጥር ሲያገኝ ሁልጊዜ ከዜሮ ይርቃል።

«ምን ዓይነት ሞኝ ሕግ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ ይታያል። ሕጉ ግን ሞኝ አይደለም። 0.5፣ 1.5፣ 2.5፣ 3.5 ደምሩ። 8 ነው። አሁን በትምህርት ቤቱ ሕግ እያጠጋጋችሁ ደምሩ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4። 10 መጣ። ከየት የመጣ 2 ነው? ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለገፋን የመጣ ነው። በባንክ ሕግ 0፣ 2፣ 2፣ 4 ነው፤ 8። ብዙ ረድፍ ሲኖር ይህ ልዩነት ጨዋታ አይደለም። ችግሩ አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ሕግ መኖሩና ማንም ያንን ለእናንተ አለመንገሩ ነው።

አንድ ጓደኛ አለችኝ፤ ሒሳብ ክፍል ነው የምትሠራው። አንድ ምሽት ደወለችልኝ። ሰላምታ የለ፣ «ስማ፣ ይሄ ፋይል ሊያሳብደኝ ነው» አለችኝ። የሠራተኞች የሥራ ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሠራ 7.25 ተብሎ ይመዘገባል፤ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሠራ 7.75። ማክሮው ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ እያስቀረ ሪፖርት ያወጣል። አለቃዋ ደግሞ በሺቱ ፎርሙላ ያመሳክራል። አይገጥምም። ማክሮውን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል። የለቀቀ ሰው እንደሚታማው እሱም መታማት ጀምሯል። እሷ ኤክሴሉን አጥፍታ እንደገና ጭናለች። ቫይረስ ነው የሚል ሰውም አልጠፋም።

«ያልገጠሙትን ረድፎች ብቻ ለይተሽ አንብቢልኝ» አልኳት። 7.25። 8.25። 6.25። 7.25። «የገጠሙትንስ?» 7.75፣ 8.5፣ 8.75። ወዲያው ገባኝ። 7.75 በሁለቱም ሕግ 7.8 ነው። 7.25 ግን በሴሉ 7.3፣ በማክሮው 7.2። 15 ደቂቃ ትርፍ የሠራ ሰው ሁሉ ይለያያል፤ 45 ደቂቃ የሠራ ሰው ሁሉ ይገጥማል። የ0.1 ሰዓት ልዩነት ማለት 6 ደቂቃ ነው። በቀን፣ በሰው።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ ጋ የ0.1 ጣጣ የለም። 7.25 በ0 እና በ1 ሲጻፍ ምንም አይተርፈውም፤ ንጹሕ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ነጥብ ላይ ይሳሳታል» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። ሁለቱም በየሕጋቸው ልክ ናቸው።

«ታዲያ ማን ነው ትክክል?» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ማክሮው? ሺቱ? እኔ ያልኳት «መጀመሪያ ለምን ታጠጋጊያለሽ?» ነው። ሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ተደምሮ ወሩ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ድምር ይሰጣል። በየቀኑ ማጠጋጋቱን ማንም አላዘዘም። ሪፖርቱ ላይ ሁለት አኃዝ ቦታ ይወስዳል ተብሎ የገባ ነገር ነው። ለማሳጠር ሲባል የሰው ደቂቃ ተቆረጠ፣ ለሌላው ተጨመረ። ማጠጋጊያውን አወጣችው። ሁለቱ ገጠሙ።

ራውንድን ለይቼ አነሳሁት እንጂ ማክሮ ውስጥ ስሙን ሳይናገር የሚያጠጋጋ ሞልቷል። ሎንግ ወይም ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ብቻ ያዥ ብላችሁ ያወጃችሁት ቫሪያብል (ቁጥር የሚቀመጥበት ስም) ላይ 2.5 አስቀምጡ። ቃል ሳይተነፍስ 2 ያደርገዋል፤ በባንኩ ሕግ። ከማካፈል የተረፈውን የሚሰጠው ሞድስ? 12.6 ሞድ 5 ብትሉት መጀመሪያ 12.6ን 13 ያደርግና 3 ይላችኋል። ኢንት እና ፊክስ ደግሞ ይቆርጣሉ፤ ግን ከዜሮ በታች ላይ አይስማሙም። ኔጌቲቭ 8.4ን ኢንት ወደ ኔጌቲቭ 9 ይወስደዋል፣ ፊክስ ኔጌቲቭ 8 ላይ ያቆመዋል። ኢንት ላይ ሌላም አለ። 4.35ን በ100 አባዝታችሁ ኢንት አድርጉት። 435 መስሏችኋል? 434 ነው። ውስጥ ያለው ቁጥር ከ435 በኢምንት ስላነሰ አንዱ ሙሉ ለሙሉ ተቆረጠ። ፎርማት የሚለው ትእዛዝ ደግሞ 2.5ን በሙሉ ቁጥር አሳይ ሲባል 3 ይለዋል። ያው ማክሮ ውስጥ ራውንድ 2፣ ፎርማት 3! ጉድ እኮ ነው። ጎግል ሺትስ ላይ ስክሪፕት የምትጽፉም አትሳቁ። እዚያ ማዝ ነጥብ ራውንድ ኔጌቲቭ 2.5ን ኔጌቲቭ 2 ይለዋል፤ የሺቱ ራውንድ ኔጌቲቭ 3። የቤት ውስጥ ጠብ ነው።

ከሁሉም ግን ይህን ያዙልኝ። ማክሮ ሴል ሲያነብ ነጥብ ቫልዩ ብለን እንጽፋለን። ሴሉ ውስጥ 0.123456 አለ እንበል። ማክሮው 0.123456 ያነባል። አሁን አንድ ሰው መጣና ሴሉን ለማሳመር ፎርማቱን ወደ ገንዘብ ቀየረው። ቁጥሩን አልነካም። ማክሮው አሁን የሚያነበው 0.1235 ነው! ለምን? የገንዘብ ፎርማት ያለው ሴል በቫልዩ ሲነበብ ከረንሲ የሚባል ዓይነት ሆኖ ይመጣል። ከረንሲ ደግሞ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው መልኩን አስተካከለ፣ ስሌቱ ተለወጠ። ይህን ፈልጋችሁ አግኙ ብትባሉ ስንት ሌሊት ይፈጅባችኋል? መድኃኒቱ አንድ አኃዝ ነው። ቫልዩ በሚለው ፋንታ ቫልዩ 2 በሉ። እሱ ፎርማት አያይም፤ ያለውን ያነባል። እኔ አሁን ቁጥር ሳነብ ከቫልዩ 2 ውጭ አልጽፍም።

ወደ ሦስተኛው። ሰዓት እየሄደ ነው፤ አዘጋጁ እጁን እያየ ነው።

መጀመሪያ የት ላጠጋጋ የሚለው ይመለስ። መልሴ አጭር ነው። ቁጥሩ ለሰው በሚወጣበት ቦታ፣ አንዴ። በየመንገዱ አይሆንም። በየመንገዱ ሲሆን ምን እንደሚመጣ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አይቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 1982 አዲስ የዋጋ መለኪያ ጀመሩ፤ መነሻው 1000። ግብይት በተካሄደ ቁጥር መለኪያው እንደገና ይሰላል፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይቀራል፣ የተረፈው ይቆረጣል። ይቆረጣል እንጂ አይጠጋጋም። ገበያው ደህና ነው፤ መለኪያው ግን ቁልቁል ይወርዳል። ኅዳር 1983 ላይ 524.811 ደረሰ። በትክክል እንደገና ሲሰላ 1098.892 ሆነ። ግማሹ የጠፋው ከነጥብ በኋላ አራተኛው ቦታ ላይ በምትቆረጥ ፍርፋሪ ነው። በቀን ሺህዎች ጊዜ ስለምትቆረጥ።

ቀጥሎ በየትኛው ሕግ የሚለው። ማክሮው ከሺቱ ጋር እንዲስማማ ከፈለጋችሁ ራውንድ ብቻ አትበሉ። ወርክሺትፈንክሽን ነጥብ ራውንድ በሉት። ያኔ የሴሉን ሕግ ይጠቀማል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ መቶ ቤት ለማጠጋጋት ኔጌቲቭ 2 ብትሰጡት ይቀበላል። የቪቢኤው ራውንድ ኔጌቲቭ ሲሰጡት ኤረር ያወጣል።

የገንዘብ ስሌት ከሆነ ደብልን ተዉት። ቅድም ያማሁት ከረንሲ እዚህ ጋ ወርቅ ነው። ውስጡ ሙሉ ቁጥር ነው፤ በ10000 ተባዝቶ የተቀመጠ። ስለዚህ 0.1 እዚያ ውስጥ 0.1 ነው። አራት አኃዝ ካልበቃችሁ ሲዴክ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እስከ 28 አኃዝ ይሄዳል። ግን ቫሪያብሉን ቫሪያንት፣ ማለትም ማንኛውንም ዓይነት የሚይዝ፣ ብላችሁ ማወጅ አለባችሁ። ሲንግል የሚባለውን የቁጥር ዓይነት አትጠጉት። 0.1 በሲንግል ይዛችሁ ሴል ላይ ስትጽፉት 0.100000001490116 ሆኖ ይወጣል። የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ለመቆጠብ ተብሎ የተፈጠረ ነው፤ ዛሬ እዚህ ላይ ሜሞሪ መቆጠብ አያስፈልገንም።

ሁለት ደብል ስታወዳድሩ የእኩል ምልክት አትጠቀሙ። ልዩነታቸውን ውሰዱ፤ ለምሳሌ ከ0.000001 ካነሰ እኩል ናቸው በሉ። ከማጠጋጋታችሁ በፊት ትንሽ ቁጥር የምትደምሩ አላችሁ፤ ኮዳችሁን አይቻለሁ! 0.0000001 ጨምሮ ራውንድ። ከዜሮ በላይ ላለ ቁጥር ያስኬዳል። ኔጌቲቭ 2.5 ሲመጣ ግን ወደ ዜሮ ይገፋዋል፣ ኔጌቲቭ 2 ይሆናል። ተመላሽ ሒሳብ ያለበት ፋይል ላይ ያንን ታያላችሁ።

ኮድ የማይፈታው አንድ ነገር ይቀራል። 100ን ለሦስት እኩል አካፍሉ፣ በሁለት አኃዝ። 33.33፣ 33.33፣ 33.33። ደምሩ። 99.99። የቀረችው 0.01 ለማን ትሰጥ? በየትኛውም ሕግ ብታጠጋጉ አትጠፋም። ብዙ ሰው ለመጨረሻው ረድፍ ይሰጣል፤ የመጨረሻው ረድፍ ከድምሩ የተረፈውን ይወስዳል። ይሠራል። እኔ ድርሻው ትልቅ ለሆነው ረድፍ መስጠትን እመርጣለሁ። እሱ ላይ ልዩነቷ አትታይም፤ ረድፎቹ ቢደረደሩ እንኳ አትዘዋወርም። የመረጣችሁትን ግን ፋይሉ ላይ ጻፉት። ካልኩሌተር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ኤክሴል ውስጥ «እንደሚታየው አስላ» የሚል ምርጫ እንዳለ የምታውቁ ትኖራላችሁ። ቁጥሮቹን በሚታዩበት መልክ አጠጋግቶ ያስቀምጣል። ድምሩ ይገጥማል፣ እውነት ነው። ግን የጠፋው አኃዝ አይመለስም። ምርጫውን ብታጠፉትም አይመለስም። በሰው ፋይል ላይ አታብሩት።

አሁን ጥያቄ። አዎ፣ እዚያ ጋ፣ መነጽር ያደረግሽው እህቴ። ማይኩን ስጧት እስቲ።

ጥያቄዋን ልድገመው፤ «የድሮ ማክሮ አለኝ፣ ራውንድ የሚለውን ሁሉ ፈልጌ በአንዴ ልተካው ወይ?» ነው ያለችው። አትተኪው። አንደኛ፣ ቀድሞ ወርክሺትፈንክሽን የሚል ያለበት ቦታ ላይ ሁለቴ ይገባና ኮዱ ይሰበራል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ከዚህ በፊት የወጡ ሪፖርቶች በድሮው ሕግ ነው የወጡት። አዲሱ ማክሮ ያንኑ ወር ደግሞ ቢያሰላ ሌላ ቁጥር ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ «የቱን እንመን» ይባላል። ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ኮፒው ላይ አንድ በአንድ ቀይሪ። በድሮ ዳታ ሁለቱንም አስኪጂና የተለያዩትን ረድፎች ብቻ አንድ ሺት ላይ አውጪ። ያንን ሺት ሪፖርቱን ለሚፈርመው ሰው ስጪው። ከየትኛው ቀን ጀምሮ በአዲሱ ሕግ እንደሚሠራ እሱ ይወስን፤ ቀኑ ኮዱ አናት ላይ ይጻፍ።

ሌላ ጥያቄ? ፋይል ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ፤ አብረን እንከፍተዋለን።